የዳማ እከክ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ደህና ከርመሻል ወይ? ባልሽስ? ሚጣስ ብርዱን ለመደችው? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬም እንደምታውቂው ከስልክ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤ ባለፈው ስትደውዪ የሰማሁት «አልሰማሁም፣ አልሰማሁም» የሚለውን የራሴን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳትሰለቺ ጻፊልኝ። ዓይኔ ገና መርፌ ውስጥ ክር ያስገባልና ደብዳቤ ለማንበብ አይሰንፍም። የወጣችሁበትን መንገድ ያቅናላችሁ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሄዳችሁ ዕለት ሻንጣው ተጭኖ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ ሚጣ የሽቦ ሳጥኑን አቅፋ «ያለነሱ አልሄድም» ስትል «ስጪኝ፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ» ያልኩት እኔው ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ እንደዚያ ያልኩት ልጅቷ መኪና ውስጥ እንድትገባ ብዬ ነበር። ጊኒ ፒግ የሚባል ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ለእኔ ጭራ የሌላቸው ትልልቅ አይጦች ነበሩ። ሁለት እህትማማች አይጥ በስተርጅና! ብዬ ለራሴ ስቄያለሁ። አሁን ግን ከስፌት መኪናዬ ስነሳ ሁለቱም ሽቦውን ተደግፈው በሁለት እግራቸው ይቆማሉ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ ደፋር ናት፤ ከእጄ ነጥቃ ትበላለች። ቀይዋ ዳማ ዓይን አፋር ናት፤ ፊቴን እስካዞርላት ትጠብቃለች።

ያሳሰበችኝ ዳማ ናት። ታካለች። የማያክ እንስሳ የለም ትዪኝ ይሆናል፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ሣሯን ማላመጥ ትጀምርና ድንገት ታቆማለች፤ በኋላ እግሯ ትከሻዋን ትፎክታለች፣ ዞራ ጎኗን ትነክሳለች፣ ደንብራ ትሮጣለች፣ እንደገና ትፎክታለች። ጀርባዋ ላይ ፀጉሯ ሳስቷል፤ በጣቴ ስገልጠው ሥሩ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ቅርፊት አለ። ቦራ ምንም የላትም።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን አድርጎ አያትና «ሙቀት ነው፤ አምጫት ሙልጭ አድርጌ ልላጫት» አለኝ። ለእሱ በመላጨት የማይድን በሽታ የለም።

ለሚጣ እንዳትነግሪያት። ምን እንደሆነ እኔ ራሴ ሳላውቅ ልጅቷን ማስጨነቅ አልፈልግም። ደህና ናቸው በያት።

አክስትሽ

ኅዳር 2

ለተከበሩ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም አለን፤ የእርስዎ ጤና ብቻ ይስማማን። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ቤት እስክገባ አላስቻለኝም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። አንሶላው ከማድረቂያው ትኩሱን ሲወጣ ከአንዲት ሴት ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፈዋለን፤ ቋንቋ ስለማንግባባ በዓይን ነው የምንነጋገረው። ማታ ስገባ እጄ እስክርቢቶ አልይዝም ይለኛል። ባለቤቴ ጭነት ይዞ ከከተማ ከተማ ስለሚዞር ቤቱ የእኔና የሚጣ ነው።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት የእንስሳት ክሊኒክ አለ። በምሳ ሰዓት ሽርጤን ሳላወልቅ ገብቼ የጻፉልኝን ለሐኪሙ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። እሱም «ሳላያት መድኃኒት አላዝም፤ የሚነግሩኝ ነገር ግን የእከክ ተባይ ይመስላል» አለኝ። ቁንጫም ቅማልም አይደለም እትዬ፤ በዓይን አይታይም። ቆዳ ውስጥ ቦይ ቆፍሮ ነው የሚኖረው። ትከሻና ጀርባ፣ የጭን ውስጥም ፀጉሩ ይሳሳል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ እንስሳዋ ትከሳለች። ማሳከኩ ሲብስ መሬት ላይ ጥሎ እስከማንፈራገጥ ይደርሳል አለኝ። ደረቅ ቆዳ ነው ተብሎ ከተተወ በራሱ አይድንም።

አጥብቆ የነገረኝ ሌላም አለ። የውሻ ቁንጫ ዱቄት፣ የቁንጫ መድኃኒት ያለበት የውሻ አንገት ማሰሪያ፣ ናፍጣ፣ ምንም ነገር እንዳይቀቧት። ትንሽ ስለሆኑ ይመርዛቸዋል። ማጠብም አይጠቅምም። ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ለሚጣ እንዳሉኝ ደህና ናቸው ብያታለሁ። ትምህርት ቤት አፏን አትከፍትም ይሉኛል፤ ቤት ስትገባ የምታወራው ስለነሱ ብቻ ነው። ክፍሏ ውስጥ መስኮቱ ሥር ለሳጥኑ የሚሆን ቦታ ባዶ አድርጋ ትጠብቃለች። እኔው ነኝ ስንሄድ የዚህ አገር በጋ ላይ ይመጣሉ ያልኳት። እርስዎም ያውቃሉ፣ አይመጡም። ግን ምን ልበላት?

የሣለችውን ስዕል ከደብዳቤው ጋር አድርጌያለሁ። ረጅሟ እርስዎ ነዎት አሉ። ቦራ ከእርስዎ ትበልጣለች፤ አይቀየሙ።

ልጅዎ

ኅዳር 27

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽ? ቤትሽን ሰላም ያድርገው፣ እጅሽን ከድካም ያሳርፈው። ስዕሉን ከመስተዋቱ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኞቼ «ይቺ ትልቋ ላም የማን ናት?» ይሉኛል።

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ እኔም ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ሰውዬው በግና ላም የለመደ ነው፤ ዳማን በአንድ እጁ አንስቶ ገልበጥ አደረጋትና «ጭርት ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቀባሁ። ጠዋት ማታ ቀባሁ። ፀጉሯ ተለጣጥፎ ዘይት ውስጥ የወደቀች መሰለች እንጂ እከኩ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ከአንገቷ ሥር እስከ ጀርባዋ መሐል ድረስ ተመለጠ፤ ቦታው ቀልቶ ደም ቋጠረ።

ከዚያ ማክሰኞ ከሰዓት አንዲት ደንበኛ አቁሜ ወገቧን እየለካሁ ሳለ ዳማ መፎከት ጀመረች። ፎከተች፣ ፎከተች፣ በጎኗ ወደቀች። አንገቷ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ አራቱም እግሯ ይንፈራገጣል፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ደንበኛዬ ስፒል እንደወጋት ጮሃ ገና ተሰፍቶ ባላለቀ ቀሚስ ወደ መንገዱ ሮጠች። እኔ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ተንበረከክሁ። እጄን ሰደድኩ፣ መለስኩት። ምን እንደሚደረግ ስላላወቅሁ ሳልነካት ቀረሁ። ስሟን ብቻ ጠራሁ። ጥቂት ቆይታ ተነሳች፤ ቦታው እንደጠፋበት ሰው ዙሪያዋን አየች። ቦራ መጥታ ጎኗ ላይ ተለጠፈች።

ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ሆኖ ያይ ነበር። «የሚጥል በሽታ ነው፤ አለቀላት» አለኝ። አመንኩት። ያን ዕለት ስፌት አልሠራሁም።

ደብዳቤሽ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። «እስከማንፈራገጥ ይደርሳል» የሚለው ጋ ስደርስ ቆሜ እንደገና አነበብኩት። ስለዚህ ይቺ ልጅ የሚጥል በሽታ የለባትም! የሚጥላት ማሳከኩ ነው፤ ማሳከኩ ደግሞ መድኃኒት አለው። ፀጉር አስተካካዩ ያመጣልኝን የውሻ ቁንጫ ዱቄት ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩለት። «ለበጎ ብዬ ነው» አለ። «ለበጎ ብለህ ልትገድልብኝ ነበር» አልኩት። ተኮራርፈናል፤ ይታረቃል።

አንድ ሌላ ጣጣ አለ። ክንዴ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶ ያሳክከኛል። አከራዬ አየችውና ሳትጠይቀኝ ሰፈሩን አዳረሰችው። ትናንት መጥታ «እከክ ያለበት ቤት አላከራይም፤ ወይ እነሱ ይወጣሉ ወይ አንቺ» አለችኝ። ዓይን ዓይኗን አየኋትና «ሻይ ላፍላልሽ?» አልኳት። 

ሌላ ሐኪም እፈልጋለሁ። ከተማው ትልቅ ነው። ትንሽ እንስሳ የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋበትም።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 16

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አነበብኩ። ሦስቴ ለመመለስ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

እትዬ፣ ይብቃዎት። የወደቀችውን ካነበብኩ ወዲህ ዓይኔ ላይ እየመጣች ነው። ሐኪም በመርፌ ከስቃይዋ ያሳርፋት። እርስዎም ለአንዲት ትንሽ እንስሳ ብለው ቤትዎንና ደንበኛዎን እንዳያጡ። ጭራሽ እርስዎ ቆዳ ድረስ ደረሰ! ያደረጉት ከበቂ በላይ ነው፤ ማንም አይወቅስዎትም። የሚጣን ነገር ለእኔ ይተዉት። እኔ እይዘዋለሁ።

ስለነሱ ባይጽፉልኝ ይሻለኛል። ስለ ራስዎ ጤና ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ዛሬ ግን በአጭሩ ተቀበዪኝ፤ የምነግርሽ ብዙ ነው። መልስሽ ገና አልደረሰኝም። ይዘግይ ግድ የለም።

አገኘሁ! አውቶቡስ ቀያይሬ፣ ሳጥኑን በተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ወጣት ሴት ሐኪም አገኘሁ። ግድግዳዋ ላይ የድመት፣ የጥንቸልና የበቀቀን ፎቶ ተሰቅሏል። ዳማን እንደዚያ ሰውዬ አላነሳቻትም። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፈች፣ ጎንበስ ብላ ዝም ብላ አየቻት። «ብዙ ከነካካናት ልትወድቅ ትችላለች» አለችኝ። መውደቋን ሳልነግራት!

ቆዳዋን በስለት ጠርዝ ፋቅ አድርጋ መስታወት ላይ አድርጋ በማጉያው አየች። ቀና ብላ «ምንም አላገኘሁም» አለችኝ። ያ ሁሉ አውቶቡስ!

«እና እከክ አይደለማ?» አልኳት።

«ነው እንጂ። ጠልቆ ስለሚቀበር ሲፋቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ምልክቱ እንዲህ ከሆነ እናክማለን፤ ለውጡ ራሱ ይነግረናል።»

ገባኝ። ጨርቅ ሲሸበሸብ የተሳበው ክር ባይታየኝም የት እንደተሳበ አውቃለሁ። እንደዚያ ነው።

መዘነቻት። መድኃኒቱ በክብደቷ ልክ ነው፤ ትንሽ ከበዛ ለእንዲህ ያለች ፍጥረት አደገኛ ነው አለች። ለዚህ ነው በግምት ቤት ውስጥ የማይሰጠው። ከቆዳዋ ሥር ወጋቻት፣ ለቁስሉና ለሕመሙም ሌላ ሰጠቻት። ከዚያ «እህቷን አምጪያት» አለችኝ። ቦራ ምን አደረገች ብል «አብራት አይደል የምትተኛው? አንዷን ብቻ ብናክም ከሌላዋ ይመለስባታል» አለች። ቦራ ስትወጋ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው፤ እኔ እንኳን ሰማኋት።

መድኃኒቱ ተባዩን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ እንቁላሉ ሲፈለፈል ደግሞ መወጋት አለባቸው። አንዴ ተሻላት ብሎ ማቆም ነው የሚያጠፋው አለችኝ። የሚተኙበትን ሣር ጠራርጌ ጣልኩ። የእንጨት ቤታቸው ስንጥቅ ስላለው አቃጠልኩት። ሳጥኑን በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። አሁን የሚተኙት በየቀኑ በማጥበው ፎጣ ላይ ነው። እንደ አራስ ልጅ!

«ከየት አመጣችው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ ልቤ ከእኔ ቤት እንዳይሆን ፈርቶ ነበር። ተባዩ ተደብቆ ቆይቶ ሰውነት ሲደክም ይነሳል አለችኝ። ቤት መቀየር፣ የለመዱት ሰው መራቅ፣ ምግብ መጉደል። ለካ የእነሱ ሰውነት እንደ እኛው ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም፤ እኔ ደግሞ ደረቅ ሣርና ፉርሽካ ብቻ ነበር የምሰጣቸው። አሁን ቃሪያ ሽቅብ እስኪላቸው ይበላሉ፤ የማያቃጥለውን ነው፣ አትሳቂ።

የእኔ ሽፍታም ከነሱ ነው። ሰው ላይ ግን መራባት ስለማይችል እነሱ ሲድኑ ይጠፋል። ይህንን ለአከራዬ ብነግራት «እሱን ሐኪምሽ መጥታ ትንገረኝ» አለች። ወሬውም ሥራውን ሠርቷል፤ የተማሪ ዩኒፎርም እንድሰፋ ጨርቅ አስረክቦኝ የነበረው ትምህርት ቤት ግማሹን ቆርጬ ሳለሁ መኪና ልኮ ወሰደው። የዓመቱ ትልቁ ሥራዬ ነበር። ሲጭኑት ቆሜ አየሁ። ከዚያ ገብቼ ፎጣ ቀየርኩ። አልጸጸትም። ለልጅ «እጠብቅልሻለሁ» ብያለሁ።

አሁን ለሚጣ ንገሪያት። ዳማ ታማ ነበር፣ እየታከመች ነው በያት። ልትሰማው ትችላለች።

አክስትሽ

ጥር 11

ለእህቴ ልጅ፣

ዛሬ ሁለት ፖስታ አብሮ ደረሰኝ። አንዱ ያንቺ ነው፣ ይብቃዎት የሚለው። ሌላው ላይ አድራሻዬ በትልልቅ ፊደል ወዲያና ወዲህ እየዘመመ ተጽፏል። ውስጡ ያለውን እንዳለ ልገልብጥልሽ፤ መጻፏን የምታውቂ አልመሰለኝም።

«እትዬ እንዴት ነሽ። እማዬ ዳማ እንደሞተች ነገረችኝ። ተኝታ ሳለች ነው የሞተችው አለች። ስለዚህ አላመማትም። አንቺ እንዳታለቅሺ። ጥፋትሽ አይደለም። ቦራ ብቻዋን መተኛት አትወድም እና እባክሽ ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ በዪላት። እኔ አላለቀስኩም ትንሽ ብቻ። ሚጣ።»

ይህንን ሳነብ ዳማ እጅጌዬን ትቆረጥም ነበር።

አንቺ ልጅ፣ እኔ ተቆጥቼሽ አላውቅም። እናትሽ ስትቆጣሽ እንኳን ከኋላዬ የምትደበቂው አንቺ ነበርሽ። ዛሬ ግን ተቆጥቻለሁ። ያልሞተችውን ቀበርሻት። ልጅቷ እኔን ታጽናናኛለች! በዚያች ዕድሜዋ ሐዘን ደራሽ አደረግሻት።

ሁለተኛውን መርፌ ተወግተዋል። ከዚያ ወዲህ ዳማ አልወደቀችም። ማከኳ ቀንሷል፣ ቅርፊቱ እየረገፈ ነው። ትድናለች ብዬ አልምልልሽም፤ ሦስተኛው ይቀራታል፣ ክብደቷም ገና አልተመለሰም። አለች ግን።

ለሚጣ መልስ አልጻፍኩም። ሞታለች ብዬ አልጽፍላትም፤ አለች ብዬ ብጽፍላት ደግሞ ውሸታም የማደርገው እናቷን ነው፤ በባዕድ አገር ካንቺ ሌላ ሰው የላትም። ስለዚህ ቀድመሽ አንቺ ንገሪያት። በራስሽ አፍ። የእኔን ዝምታ ብዙ አታስረዝሚው፤ ልጅቷ ደብዳቤ እየጠበቀች ነው።

አክስትሽ

የካቲት 6

ለተከበሩ እትዬ፣

እንዴት አሉልኝ? ክንድዎ ተሻለዎት?

ደብዳቤዎን ባነበብኩ ጊዜ መጀመሪያ የተናደድኩት በእርስዎ ነው። «ደህና ናቸው በያት» ብለው ያስጀመሩኝ እርስዎ አይደሉም? እርስዎ በመርፌና በአውቶቡስ ተዋጉ፤ እዚህ በየማታው «ዛሬ ምን በልተው ይሆን?» የሚለውን የምሰማው እኔ ነኝ። ትሞታለች ብዬ አምኜ ነበር። አንዴ ቢያማት ይሻላል፤ በጋው ሲደርስ እንደገና ከምትጠብቅ አልኩ። ስነግራት «እሺ» ብቻ አለችኝ። እየታከመች ነው የሚለው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ያ «እሺ» ነው እጄን ያሰረው፤ ለዚህ ነው ደብዳቤ ያጠፋሁት።

ይህን ሁሉ ጽፌ ልልክልዎት ነበር። ቀድጄው ነገርኳት።

እሑድ ጠዋት ነው። የታጠበ ልብስ አልጋው ላይ ከምረን ካልሲ ጥንድ ጥንዱን እየፈለግን ነበር። «ዳማ አልሞተችም» አልኳት። ደስ ብሏት የምትዘል መስሎኝ ነበር። ካልሲውን ይዛ አየችኝና «አሁን ያልሽኝ ነው ውሸቱ፣ ወይስ ያኔ ያልሽኝ?» አለች።

«ያኔ ያልኩሽ» አልኳት።

«ሌላስ?»

እትዬ፣ ያን ጊዜ መሸሽ አልቻልኩም። «በጋ ላይም አይመጡም፤ እንደማይመጡ አውቅ ነበር» አልኳት። ያኔ አለቀሰች፤ በእኔ ላይ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ማታ መጥታ «የእትዬን ደብዳቤዎች አንብቢልኝ» አለች። ሁሉንም አነበብኩላት፤ የወደቀችበትንም። እዚያ ስደርስ ልዝለለው ብዬ ድምፄ ሲያመነታ «አትዝለይ» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት ያለው ሐኪም ጋ ውሰጂኝ አለች። ወሰድኳት። ከእኔ ፊት ቀድማ ጠረጴዛው ጋ ቆመችና በእነሱ ቋንቋ ራሷ ጠየቀችው፤ ሦስተኛው መርፌ ያማታል ወይ፣ ፀጉሯ ይመለሳል ወይ፣ ቦራንስ ለምን ወጓት። እኔ ገና ያልያዝኩትን ቃል ስትናገር ሰማኋት። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀምጦ መለሰላት። ፀጉሩ ይመለሳል ብሏል።

መስኮቱ ሥር ባዶ የነበረው ቦታ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አስቀምጣለች። 

ገና ሙሉ በሙሉ አልታረቀችኝም። የምነግራትን ሁሉ «እውነት?» ብላ ታጣራለች። ይገባኛል።

አንድ መልእክት አላት። «እትዬ ለእኔ ትጻፍልኝ፤ መጥፎውን መጀመሪያ ትጻፍ» ብላለች።

ልጅዎ

የካቲት 29

ለእህቴ ልጅና ለሚጣ፣

ሁለታችሁም እንዴት ናችሁ? በአንድ ጣሪያ ሥር ያኑራችሁ፣ ኩርፊያችሁን ያሳጥረው። ይህን ደብዳቤ ሚጣ ታንብበው፤ ፊደሌን ሰፋ ሰፋ አድርጌ የጻፍኩት ለእሷ ነው።

አንቺ የእህቴ ልጅ፣ «እርስዎ አይደሉም ያስጀመሩኝ?» ላልሽው፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ውሸቱን ሁላችንም እንተወው።

ሚጣ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንቺ ነው።

ሦስተኛውን መርፌ ሐኪሟ ራሷ ቤት መጥታ ወጋቻቸው። ያማቸዋል ወይ ላልሽው፣ እንደ መቆንጠጥ ነው። ቦራ እንደ ልማዷ ጮኸች፣ ዳማ አልጮኸችም። አከራዬ ድምፅ ሰምታ ወረደች፤ ገና ከደረጃው «አሁንም አላስወጣሻቸውም?» እያለች ነው። ሐኪሟ አላሳፈረቻትም፣ አልተቆጣቻትም። የእኔን ክንድ ይዛ «ይኸው፣ ጠፍቷል፤ እነሱ ሲታከሙ ይጠፋል» ብላ አሳየቻት። አከራዬ ክንዴን አየች፣ ዳማን አየች። ከዚያ «የእኔም ውሻ ጆሮውን ያክካል» አለች። ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ስለ መልቀቅ ከዚያ ወዲህ ያነሳ የለም።

የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም አልተመለሰም። ለሌላ ሰፊ ተሰጥቶ አልቋል። እኔ መጋረጃና የትራስ ልብስ እየሰፋሁ ነው፤ ቀስ ብሎ ሰው እየመጣ ነው። ያቺ ባላለቀ ቀሚስ የሮጠችውም ቀሚሷን ልታስጨርስ መጣች፤ መጀመሪያ ግን አንገቷን በበሩ አስገብታ «የታለች?» አለች።

የዳማ ፀጉር መብቀል ጀምሯል። መጀመሪያ እንደ ኮክ ቆዳ ለስላሳ ነገር ነበር፤ አሁን ከአንገቷ በታች ቀዩ እየተመለሰ ነው። ትከሻዋ ላይ አንድ ጠባሳ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ላይበቅል ይችላል። ያሳክካቸው እንደሆነ ብዬ በየጠዋቱ ፀጉራቸውን ገልጬ ቆዳቸውን አያለሁ፤ እስከ ሥሩ። አንቺም አንድ ቀን እንስሳ ብትይዢ ከላይ ብቻ አይተሽ ደህና ናቸው አትበዪ።

አሁን የጠየቅሽኝ። መጥፎውን መጀመሪያ ብለሻል፤ እኔ ደግሞ ወደ መጨረሻ አመጣሁት፤ አፍሬ ነው። ሐኪሟ ዳማን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን አየችና ዞራ እኔን አየችኝ። «ምንድን ነው የምትሰጪያት?» አለችኝ። ካሮት አልኳት። «ስንት?» አለችኝ። አሳዝናኝ ነበር፤ በተወጋች ቁጥር፣ ባየችኝ ቁጥር እሰጣት ነበር።

ስለዚህ መጥፎው ዜና ይሄ ነው፤ ዳማ ወፍራለች። የሳጥኑ በር ላይ ሆዷ ይይዛታል። ካሮት ተከልክላለች፤ ከእኔ ጋር ተኳርፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

እትዬሽ